የጓሮ ዓይን

በዘጠነኛ ረድፍ ሰው የራሱን ጓሮ አይመረምርም። ከሞጆ ወጣ ብሎ በተቆረቆረው በዚህ ሰፈር ልጅ አፉን ሲፈታ የሚማረው ሕግ ይኸው ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲጮህ በሮች ይከፈታሉ። ሰዎች አጉሊ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይወጣሉ፣ እንዴት አደራችሁ ይባባላሉ፣ ከዚያ ጓሮ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ቤት አንድ «ዓይን» አለው። ዓይን የተባለው ሰው የጎረቤቱን ቅጠል እየገለበጠ ተባይ ይፈልጋል። ሲጨርስ በሩ ላይ በተተከለው፣ በሚያይና በሚሰማው ዘንግ ፊት ቆሞ ወይ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ወይ «አለ» ይላል፤ አውራ ጣቱንም ይጫናል። ሰው ለራሱ ያዳላል፣ ለጎረቤቱ ግን አያዳላም ብሎ ያሰበ አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያወጣው ደንብ ነው። ሰውየው ጎረቤት ኖሮት የሚያውቅ አይመስልም።

ጎመንና ቲማቲም ገበያ ላይ መሸጥ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኗል። ሰው የሚበላውን ቅጠል ከጓሮው ይቆርጣል፤ ጓሮ የሌለው ከኪዮስክ አረንጓዴ ዱቄት ይወስዳል። ቧንቧም የሚገባው ለጓሮ ነው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ሰውየው ከጓሮው የተረፈውን ይጠጣል። «አለ» ከተባለ የጓሮ ጤና ጽሕፈት ቤት የእንፋሎት መኪናውን ይልክና አፈሩ ይቀቀላል። የተቀቀለ አፈር ሦስት ዓመት ምንም አያበቅልም፣ ቧንቧውም ሦስት ዓመት ይዘጋል። ማከም ክልክል ነው። አመድ መነስነስ፣ የሳሙና ውኃ መርጨት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ አፍልቶ ማርከፍከፍ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ማከም መደበቅ ነው ይላል ደንቡ።

ሀሴት ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የጓሮዋ ዓይን አጥር ተጋሪዋ ሶልያና ናት፤ የሶልያናም ዓይን እሷው ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። በሁለተኛው ዓመት ላይ ሀሴት ከሶልያና ጎመን ሥር አንድ ቅጠል ብትገለብጥ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ወርሮት አገኘችው፤ ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ ይመስል ነበር። ጎረቤቷ ያኔ ሴት ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ በጓሮዋ የምትተዳደር ሴት ናት። ሀሴት ዘንጉን አየችው። ዘንጉ የሚያየው ፊት ነው፣ የሚሰማውም ድምፅ ነው፤ እጅ አያይም። ጎንበስ ብላ ክሽክሹን በጥፍሯ ጨፈለቀችው፣ ቀና ብላም «ንጹሕ ነው» አለች። በወሩ ሶልያና ከሀሴት ቲማቲም ሥር ቆራጭ ትል አግኝታ በጫማዋ ረግጣ አለፈችው። ለዓመት ያህል አላወሩትም። በኋላ ሲያወሩት ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ይህ ሆነ፦ አንዷ ካየች ትጨርሰዋለች፤ ሌላይቱ አትጠይቅም። ቤቷ ገብታ እጇን በአመድ ትታጠባለች፣ ጥፍር ውስጥ የቀረ ነገር እንዳይኖር። ሀሴት ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የምታፈላ ቀን ሶልያና አጥሩ ሥር ቆማ አላፊ አግዳሚውን በወሬ ትይዛለች። ነጭ ዝንብ ሲመጣ፣ ቀንድ አውጣ ሲመጣ፣ ፍልፈል የካሮቱን ሥር ሲበላ እንዲህ ሆነው አለፉት። በዘጠነኛ ረድፍ እንደ እነሱ ጓሮ ንጹሕ የለም ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመስግነዋል።

ከሀሴት ግድግዳ ሥር የተሰለፈው ጎመን የባሏ የአቤኔዘር ነው። ዘሩን እሱ ነው ያመጣው፣ እሱ ነው የተከለው፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ልጅ አልወለዱም። ሀሴት በየዓመቱ ሁለት ጎመን ሳትቆርጥ ትተዋለች፤ ያብባሉ፣ ያፈራሉ፣ ዘራቸውን በጨርቅ ቋጥራ ራስጌዋ ታኖረዋለች። ዘር መቋጠርም አይፈቀድም። ያን ጎመን ስትበላ ከእሱ ጋር ማዕድ የቀረበች ይመስላታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለሶልያና ብቻ እንጂ።

ማክሰኞ ዕለት ሶልያና ጓንት አድርጋ መጣች።

«እጅሽን ምን ነካው?» አለቻት ሀሴት።

«ቆስሎብኝ ነው።»

ሶልያና ምርመራ የምትጀምረው ሁልጊዜ ከቲማቲሙ ነበር። ያን ቀን ቲማቲሙን አለፈችው፣ ካሮቱንም አለፈችው፤ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሦስተኛው ጎመን ላይ ጎንበስ አለች። ጀርባዋ ለሀሴት ነበር። ትንሽ ቆየች። ቀና አለችና ወደ ዘንጉ ዞረች።

«አለ» አለች።

ሀሴት ሳቀች። እውነት ነው የሳቀችው፣ ከልቧ። «አንቺ ሴትዮ፣ በጠዋቱ ቀልድ አማረሽ?»

ሶልያና ጓንቷን አውልቃ አውራ ጣቷን ተጫነች። እጇ ላይ ቁስል አልነበረም። ከበሩ በላይ ያለው መብራት ቢጫ ሆነ። ዘንጉ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ምን እንዳየች፣ የት እንዳየች ጠየቃት።

«ተምች ነው። ጎመኑ ላይ» አለች ሶልያና። ዘንጉ ሌላም ነገር ጠየቃት፤ እሷም አፏን ጠጋ አድርጋ ዝግ ባለ ድምፅ መለሰችለት። ሀሴት አልሰማችውም።

«ሶሊ።»

«ሕጉ ነው እኮ፣ ሀሲ» አለች ሶልያና መሬት መሬት እያየች፤ ወጥታም ሄደች።

ሀሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕግ የሚለውን ቃል ከዚህች ሴት አፍ የሰማችው ስትስቅበት ብቻ ነበር። ወደ ግድግዳው ሄዳ ተንበረከከች። ቅጠሉ ላይ የትንሽ ጣቷን ያህል የወፈረ ተምች ተጋድሟል። ግንዱ ሥር ሌላ አንድ አለ፣ ተጠቅልሎ። ሀሴት ሁለተኛውን አነሳችና ኪሷ ውስጥ በነበረው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ከተተችው። ሳታስበው እጇ ነው ያደረገው። ከዚያ ቅጠሉን ደግማ አየች። ጎመኑ ሙሉ ነው። አንድ ቀዳዳ የለውም። ኩስ የሚባል ነገር በቅጠሉም በመሬቱም ላይ የለም። እንዲህ የወፈረ ትል ምን በልቶ ወፈረ? ነገሩ ከነከናት፣ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ መኪናው በር ላይ ደርሷል።

ተቆጣጣሪው ኢዩኤል የሚባል ትሁት ወጣት ነው። ቅጠሉ ላይ የቀረውን ተምች በመቆንጠጫ አንስቶ በፕላስቲክ አሸገው። «አይዘኑ እማማ፣ ወደ ጥላው ሄደው ይቀመጡ» አላት። ወንበርም አመጣላት። ከዚያ በዚያው ትሕትናው «ራስጌዎ ያለውን የዘር ቋጠሮ ቢያመጡልኝ» አላት።

ራስጌዋ ቋጠሮ መኖሩን በሕይወት ካሉ ሰዎች የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሀሴት ገብታ አመጣችለት። ሰውየው ሳይፈታው በላስቲክ ጠቀለለው።

መኪናው ቱቦዎቹን አፈሩ ውስጥ ሰካ። ጓሮው ለሁለት ሰዓት አፏጨ። ቲማቲሙ ተሰነጣጠቀ፣ የአቤኔዘር ጎመን በቁሙ በሰለ። የምድር ትሎች ወደ ላይ ወጥተው ነጭ ሆነው ቀሩ። ሰፈሩን የቅቅል ጎመን ሽታ ስለሞላው አንዳንድ አላፊ አግዳሚ ምሳ ሰዓት መድረሱን ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ ቧንቧው ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል ብሎ ዝም አለ።

«የዓይንነት ግዴታዎ ግን አይቋረጥም» አላት ኢዩኤል እየተሰናበተ። «ነገም እንደ ወትሮው ወደ ወይዘሮ ሶልያና ጓሮ ይሄዳሉ። እሳቸውም ወደዚህ ይመጣሉ።»

«የተቀቀለ አፈር ምኑ ይታያል?»

«ደንቡ ነው፣ እማማ።»

ከሰዓት በኋላ ሀሴት ቧንቧ የተዘጋባቸው በቀን አንድ ባልዲ የሚቀዱበት የጋራ ቧንቧ ጋ ተሰልፋ ውኃ ቀዳች። ቤት ስትገባ ብልቃጡ ትዝ አላት። ተምቹ በሕይወት አለ። ብልቃጡ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ጥሏል። መነጽሯን አቀረበች። ሰባት ናቸው። አንዱን በነጭ ወረቀት ላይ በጣቷ ደፈጠጠችው።

ወረቀቱ ቀላ።

ጎመን የበላ ተምች አረንጓዴ ነው የሚጥለው። ይህን ለማወቅ ቢሮም ማሽንም አያስፈልግም፤ በሕይወቷ ስንት ጨፍልቃለች። ትሉ የበላው ቀይ ሥር ነው። በዘጠነኛ ረድፍ ደግሞ ቀይ ሥር የሚተክል አንድ ጓሮ ብቻ አለ። ሀሴት ወረቀቱን አጣጠፈችው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለሶልያና ምክንያት ስትፈልግላት ነበር። ፈርታ ይሆናል፣ ዘንጉ ሰምቷት ይሆናል፣ አንድ ሰው አስገድዷት ይሆናል ስትል ነበር። አሁን የሚፈለግ ምክንያት አልቀረም። ትሉን በእጇ ይዛ፣ ጓንት አድርጋ፣ እንዴት አደርሽ ብላ ነው የገባችው። ሀሴት ተነስታ ወደ ሶልያና ግቢ ሄደች።

ሳታንኳኳ ገባች። ሶልያና ቧንቧው ሥር ተቀምጣ የጨቅላ ጨርቅ ታጥባለች። ልጇ ኤዶም ከወለደች ወሯ ነው፤ ሴት ልጅ። ውኃው ይንዶለዶላል።

«ይህን ታውቂዋለሽ?» ሀሴት ብልቃጡንና ወረቀቱን ፊቷ አቀረበችላት።

ሶልያና ቧንቧውን ዘጋች። «ምንድን ነው?»

«ያንቺ ነው። እዚህ ሲበላ ከርሞ ነው እኔ ጋ የመጣው።»

ሶልያና ጨርቁን ጨመቀችው። ደግማ ጨመቀችው፤ የሚወጣ ውኃ ግን አልነበረውም።

«እሑድ ነው ያየሁት» አለች። «ቀይ ሥር ነቅዬ ወጥ ቤት ሳጥብ ስምንት ወጡብኝ። ስምንት፣ ሀሲ! ጣት ጣት የሚያካክሉ!»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም? መቼ ነው ጠርተሽኝ የቀረሁት?»

«ጠርቼሽስ ምን ልታደርጊ? ሐሙስ የጽሕፈት ቤቱ አዲሱ መመርመሪያ ማሽን ይመጣል። የተጨፈለቀውንም ያሸታል አሉ። ያንቺ ጥፍር ከዚያ አያድነኝም። የጠቋሚን ጓሮ ግን ማሽኑ ለአንድ ወቅት ያልፈዋል፤ ዓይን ብቻ ነው የሚያየው።»

«እና ጠቆምሽኝ።»

«ቤት ውስጥ አራስ አለችብኝ! ውኃው ቢዘጋ ምን ልሁን? ጨቅላዋን በምን ልጠባት? አንቺ እኮ ብቻሽን ነሽ። ለአንድ ሰው ውኃ ከየትም አይጠፋም።»

አቤኔዘር የተቀበረ ዕለት ይህችው ሴት ትከሻዋን አቅፋ «ብቻሽን አይደለሽም» ብላት ነበር። ሀሴት ለስድስት ዓመት ያን ቃል አምና ኖራለች።

«ቋጠሮውስ?» አለች። «የሱ ዘር ምን አደረገሽ?»

«ዘንጉ ጠየቀኝ። ሌላ የሚያውቁት ነገር አለ ወይ አለኝ። ዝም ካልኩ ይጠረጥረኛል ብዬ ነው።» ሶልያና ይህን ስትል አለቀሰች። ከለቅሶው መሀል ግን ሌላ ነገር ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ ንዴት ነበር። «ደግሞስ እነዚያ ትሎች ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ነው ያደጉት። የኔ ዓይን ማን ነበረች? በየጠዋቱ እየገለበጥሽ ንጹሕ ነው ስትዪ አልነበር? ዓይንሽ ደክሟል፣ ሀሲ። ከዓምና ጀምሮ አውቃለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህ እውነት ነበር። ሀሴት ከዓምና ጀምሮ በመነጽር እያየችም ቅጠልና ጥላ ይቀላቀልባታል፤ ለማንም አልተናገረችም። ጥፋት እንዳለባት ገባት። ጥፋቷ ግን ሐዘኗን አላቀለለላትም፣ ይልቅ አብሶ አቃጠላት።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ጓሮዬን በፈቃዴ እሰጥሽ ነበር» አለች።

ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኗን አየቻት። «ትሰጪኝ ነበር?»

ሀሴት ብልቃጡንና ወረቀቱን ኪሷ ከተተች። ትሰጥ እንደነበር እሷም እርግጠኛ አይደለችም። ማወቂያውን ግን ሶልያና ቀድማ ወስዳባታለች፤ ከሁሉ ይልቅ ይቅር ያላለቻት ይህን ነው።

በሩ ጋ ስትደርስ ሶልያና ከኋላዋ ጠራቻት። «ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና የምታነሻት አንቺው ነሽ። እሱ እንዳለ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ሶልያና መጣች። አጉሊ መነጽሯን አንስታ ግራጫ ጭቃውን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው፤ የሚገለበጥ ቅጠል የለም። ዘንጉ ፊት ቆማ «ንጹሕ ነው» አለችና አውራ ጣቷን ተጫነች። ለሦስት ዓመት በየጠዋቱ እንዲሁ ታደርጋለች።

ኢዩኤል የአፈሩን ሙቀት ሊለካ መጥቶ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ «ቅሬታ አለዎት?» አላት ሀሴትን። ጥያቄው ከቅጹ ላይ ነው፤ ሁሉንም ይጠይቃል። ሀሴት እጇን ኪሷ ከተተች። ብልቃጡ አለ፣ ወረቀቱም አለ። አውጥታ ብታሳየው ከምሳ በፊት መኪናው ከአጥሩ ማዶ ይቆማል።

«የለኝም» አለች።

ደግነት እንዳይመስላችሁ። ዘንግና ቅጽ ፊት ቆሞ ጎረቤትን መስጠት የሶልያና ሥራ ነው፤ እሷን መምሰል ነው የጠላችው።

ተራው የእሷ ነውና አጥሩን ዞራ ገባች። እንደ ወትሮዋ ከቲማቲሙ ጀመረች። ቃሪያውን አየች፣ ሰላጣውን አየች። ሶልያና ደጃፉ ላይ ቆማ ጨርቅ ታጥፋለች፤ ዓይኗ ግን ከሀሴት እጅ አይነቀልም። የራሷን ቅጠል ገልብጣ ማየት ስለማትችል ያላት ተስፋ ያቺ እጅ ብቻ ናት። በመስኮቱ የጨቅላዋ ድምፅ ይሰማል።

ቀይ ሥሩ ጋ ደረሰች። አራት ቅጠል ገለበጠች፣ ምንም የለም። አምስተኛውን ገለበጠች። ከቅጠሉ ሆድ ላይ፣ ከቀዩ ጅማት ጎን፣ አውራ ጣት የምታህል የጥጥ ብናኝ የምትመስል ነገር ተለጥፋለች። ከብናኙ ሥር እንቁላሎቹ ተደራርበዋል፤ ከመቶ ይበልጣሉ። ሀሴት ያለ መነጽር ነው ያየቻቸው። ዓይኗ ያን ጠዋት ጥርት ብሎ አየ።

ጥፍሯ በልማዱ ተነሳ። አንድ ጭፍለቃ ነው፤ ከዚያ ጓሮው ይተርፋል። በአራት ቀን ይፈለፈላሉ። በሁለት ሳምንት ከዚህ ጓሮ ቅጠል አይቀርም፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ባይሰማ እንኳ መንገደኛው ያያል። ማሽኑ ነገ ይህን በር ያልፈዋል፣ የጠቋሚ ጓሮ ነዋ። ኤዶም ምን አደረገቻት? ምንም። ሕፃኗስ? ሀሴት ይህን ሁሉ አሰበች፤ አላሰበችም እንዳይባል። ጣቷ ከብናኙ በላይ ቆሞ ቆየ። ከዚያ የአቤኔዘር ጎመን በቁሙ ሲበስል ታያት፣ ቋጠሮው በላስቲክ ሲጠቀለል ታያት፤ «አንቺ እኮ ብቻሽን ነሽ» የሚለውም ድምፅ ተሰማት።

ቅጠሉን ወደ ቦታው መለሰችው። ብናኙ እንዳይረግፍ ቀስ ብላ ነው የመለሰችው። ቀሪዎቹንም ቅጠሎች ሳትዘል አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ዘንጉ ፊት ቆመች።

«ንጹሕ ነው» አለች፤ አውራ ጣቷንም ተጫነች።

ሶልያና የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ መጥታ ትከሻዋን ሳመቻት፣ አንገቷ ሥር ገብታ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለች። «አንቺ ባትኖሪ!»

«ዓይኔ ደክሟል እንግዲህ» አለች ሀሴት። «ራስሽ ብለሽዋል። የታየኝን አይቻለሁ።»

«ያን እርሺው፣ ተናድጄ ነው። ያንቺ ዓይን ለኔ ይበቃኛል።»

ሀሴት ቤቷ ገባች። እንደ ልማዷ የአመድ ሳህኑን አውርዳ አንድ ኩባያ ውኃ ከባልዲው ቀዳች፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች። ጥፍሮቿን ወደ ብርሃኑ አቅርባ አየቻቸው። ምንም አልነካቸውም። ውኃውን ወደ ባልዲው መለሰችው።